ሚሊሜትር

እኔ ሰዓት ሠሪ፣ ዐይኔ ላይ መነጽር፣
ዕድሜዬን የፈጀሁ ሚሊሜትር ስቆጥር፣
ሐኪሙ ወረቀት ላይ ቧንቧ ሥሎ ሲያሳየኝ፣
«እዚህ ጋ ጠቧታል፤ አራት ሚሊ» ሲለኝ፣
«ስንት ማለት ነው?» ይል ይሆናል ሌላው፤
እኔ ግን በጥፍሬ ጫፍ ነው የማውቀው፤
የሴት ሰዓት መሙያ፣ ያቺ ቁንጥር ራስ፤
በዚያ ነው የልጄ ደም ወደ እግሯ የሚደርስ።

ትርሲት ያኔ ዘጠኝ።
ደሟ ክንዷ ላይ ይጋልባል፣ ራሷን ይመታል፣
አፍንጫዋ ደብተሯ ላይ ድንገት ይነስራል፤
እግሯ ግን ቀዝቃዛ፣ ወሬ የማይደርሰው፣
እንደ ጠረፍ ቀበሌ ሹም የዘነጋው።
ከፖስታ ቤት ሽቅብ ቸርችልን ስንወጣ
ግማሽ ላይ ትቆማለች፣ ከንፈሯ እየነጣ።
«አባ፣ እግሬ ደከመኝ።»
«ሰነፍ» እላት ነበር።
ይህን መሥመር ስንቴ ሰርዤ ስንቴ መልሼ ጻፍኩት።

ጥቁር አንበሳ፣ በብሽሽቷ በኩል ቀጭን ሽቦ ገብቶ፣
ፊኛው ከልቧ ማዶ ቀስ ብሎ ተነፍቶ፣
የብረት መረቡን እዚያው ትቶ ወጣ።
ሌሊቱን ከግርጌዋ ሆኜ፣ ሁለት ጣቴን አኑሬ
የእግሯ ጀርባ ላይ፣ ጠበቅሁ።
መጣ።
ትር።
ትር።
ስንት የቆመ ሰዓት በእጄ ነፍስ ዘርቷል፤
እንደዚያች ሌሊት ግን ጣቴ መቼ ሰምቷል?

ግን ብረት አያድግም።
ልጅ ያድጋል፤ ጫማው ይጠባል፣ ዩኒፎርሙ ያጥራል፣
መቃኑ ላይ ያሰመርኩት እርሳስ ወደ ላይ ይሸሻል፤
ውስጥ ያለው እንደተተወ ነው።
በዐሥራ ሦስት ዓመቷ ተመልሰን ገባን፤
በዚያው በድሮው መንገድ፣ በሰፋ ፊኛ፣
መረቡን ከሕፃንነቷ ወደ ኮረዳነቷ ገፉት።
ዐሥራ ሁለት የነበረው ዐሥራ አምስት ሆነ።
ሦስት ሚሊሜትር።
ይህ ለእኔ ስንት እንደሆነ የጠየቀኝ የለም።

ኋላ ደግሞ ሰፈራችን፣ «መንገድ ይሰፋል» ተባለ።
ሱቄ ፈረሰ፤ የግድግዳ ሰዓቶቼ
በካርቶን ታጭቀው፣ እየቆጠሩ ተጫኑ።
ዛሬ ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ነኝ፤
ጎረቤት ሲያማርር አብሬ አላማረርኩም፣ አላመሰገንኩምም፤
መስፋት የሚያስከፍለውን ከሌላ ቦታ አውቀው ነበር።

ዛሬ ዐሥራ ስምንት ሞላት።
ግፊቷን ለኩ፣ በክንዷ፣ ቀጥሎ በእግሯ፤
ሊተካከል ምንም አልቀረው።
«እብጠት የለም፣ መረቡም አልተሰበረ፤
ኪኒኗን ግን እንዳታቋርጥ፤ በየዓመቱም ትምጣ።»
«ከሠላሳ ዓመት በኋላስ?» አልኳት ዶክተር ርብቃን።
እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።
«እውነቱን ልንገርዎ? በልጅነታቸው ይህ የገባላቸው
ብዙዎቹ ገና አላረጁም።
መልሱን የምንጠብቀው ከእነሱ ነው።»

ያኔ ትርሲት፦
«አባ፣ አንዴ ውጭ ትጠብቀኛለህ?»

ወጣሁ። አግዳሚው ያው ነው፣ እግሩ የሚነቃነቀው።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዚያ በር ጀርባ
እኔ ያልሰማሁት ቃል አልነበረም።
ምን ጠየቀች? ስለ መውለድ ይሆን?
ስለ መዋኘት? ስለ ሞት?
አንዲት እናት፣ ጨቅላ አቅፋ፣ «የእርስዎ ልጅ የታል?» አለችኝ።
«ውስጥ ናት» አልኩ። «ሐኪሟ ጋ።»
ጥቂት ቆይቼ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «ብቻዋን» አልኩ።

ካርዷን በራሷ ቦርሳ ከትታ ወጣች፤
የሚቀጥለው ቀጠሮ አዋቂዎች ክፍል ነው።

ከፖስታ ቤት ሽቅብ ቸርችልን ተያያዝነው፤
እሷ ፊት፣ እኔ ኋላ።
ግማሽ ላይ ቆምኩ።
ዞረች። «አባ፣ ምነው?»
«እግሬ ደከመኝ።»

ወርዳ አጠገቤ ቆመች።
ሰነፍ አላለችኝም።